ከግሬትና ግሪን መንደር እስከ ሆህ ደን፦ ሸሽቶ የመጋባት ታሪክ



በዛሬው ንግግሬ የምመረምረው የአንድን ቃል ታሪክ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች አንዲት ልጃገረድ ከወዳጇ ጋር በሌሊት ከአባቷ ቤት ስትጠፋ የሚጠሩበት ጥንታዊ ቃል አላቸው፤ በአማርኛ ኩብለላ የምንለው ነው። ዛሬ ግን ይኸው ቃል በአሜሪካና በብሪታንያ፣ ሙሽሮች ከጥቂት ወዳጆች ጋር በደን ውስጥ ወይም በባሕር ዳርቻ የሚፈጽሙትን፣ ወራት አስቀድሞ የታቀደ ጋብቻ ይገልጻል። ነውር የነበረው ነገር እንዴት በፈቃድ የሚፈጸም ሥርዓት ሆነ? የኔ መከራከሪያ ይህ ነው፤ የተለወጠው የሸሺዎቹ ልብ ሳይሆን ሕጉ ለቦታና ለምስክር የሚሰጠው ትርጉም ነው። በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ስለ ኢትዮጵያ ሕጎች ከምናገርበት ቦታ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከለንደን ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፍሊት በሚባለው የባለዕዳዎች ወኅኒ ዙሪያ፣ ራሳቸው በዕዳ የተያዙ ካህናት በጥቂት ገንዘብ ያለ ማስታወቂያ ያጋቡ ነበር። በዚህ መንገድ ሁለት ሚስት ያገቡ ወንዶች፣ ቃል ተገብቶላቸው በኋላ የተካዱ ሴቶች፣ በማታለል የተወሰዱ ወራሾች በየፍርድ ቤቱ በረከቱ። ሎርድ ሃርድዊክ ያረቀቁት የ1753ቱ ሕግ ይህን ለመግታት የወጣ ሲሆን፣ ከመጋቢት 25 ቀን 1754 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። ጋብቻ በቤተ ክርስቲያን፣ በይፋ ማስታወቂያ ወይም በፈቃድ፣ በሁለት ምስክሮች ፊትና በመዝገብ ተጽፎ እንዲፈጸም አዘዘ። በፈቃድ የሚያገባ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሰው የአባቱ ስምምነት ያስፈልገዋል። ሕጉን ጥሶ ያጋባ ካህን ለ14 ዓመታት ወደ አሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ይጋዛል። አይሁድና ኩዌከሮች ከሕጉ ውጭ ነበሩ። ስኮትላንድም እንዲሁ።

ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ታሪክ ሠራች። በስኮትላንድ ሕግ ጋብቻን የሚያጸናው የሁለቱ ሰዎች ፈቃድ ብቻ ነበር፤ ካህንም ሆነ የወላጅ ስምምነት ግዴታ አልነበረም። ሴት ልጅ በ12፣ ወንድ ልጅ በ14 ዓመት ማግባት ይችሉ ነበር፤ ይህ ዕድሜ ወደ 16 ከፍ ያለው በ1929 ነው። ስለዚህ ከእንግሊዝ የሸሹ ጥንዶች ድንበሩን ተሻግረው ወደ መጀመሪያው መንደር፣ ወደ ግሬትና ግሪን ጎረፉ። በዚያ የተነሡት አጋቢዎች ካህናት ሳይሆኑ ተራ የመንደር ሰዎች ነበሩ፤ በኋላ የመንደሩ ቀጥቃጭና መስፉ የዚህ ጋብቻ ምልክት ሆኑ። በ1782 የዌስትሞርላንድ መስፍን የባንክ ባለቤት የነበሩትን የሮበርት ቻይልድን ልጅ ይዞ ወደዚሁ መንደር ኮበለለ። አባትየው የመለሱት በኑዛዜ ነበር፤ ሀብታቸው ወደ መስፍኑ ወራሽ እንዳያልፍ አድርገው ለሴት የልጅ ልጃቸው አወረሱ። እንግዲህ ኩብለላ የፍቅር ታሪክ ብቻ አልነበረም፤ የርስትና የውርስ ጉዳይም ነበር።

ባሕሩም በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሱ ድርሻ አለው። የሃርድዊክ ሕግ በገርንዚ ደሴት አይሠራም ነበርና፣ ከደቡብ እንግሊዝ ወደቦች ጥንዶች በመርከብ ወደዚያ ይሻገሩ ነበር። ከአየርላንድም ጠባቡን ባሕር አቋርጠው በስኮትላንድ ጠረፍ ባለችው ፖርትፓትሪክ ይጋቡ ነበር። ተማሪዎች ይህን ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። ለእነዚያ ሰዎች የባሕር ዳርቻ የውበት ስፍራ አልነበረም። የአንዱ ሕግ ኃይል የሚያበቃበት፣ የሌላው የሚጀምርበት ወሰን ነበር።

ነገር ግን ሸሽቶ መጋባትን እንደ ነጻነት ብቻ የሚያወድሰውን ትረካ አልቀበልም። በ1826 ኤድዋርድ ጊበን ዌክፊልድ የተባለ ሰው፣ ኤለን ተርነር የተባለችውን የ15 ዓመት የባለጸጋ ልጅ እናትሽ በጠና ታማለች በሚል የሐሰት መልእክት ከትምህርት ቤት አስወጣት። በመንገድም አባቷ በንግድ እንደ ከሠሩና እርሱን ካገባችው ብቻ እንደሚድኑ አሳመናት። በግሬትና ግሪን እሺ አለች፤ በስኮትላንድ ሕግ ጋብቻው ጸና። ዘመዶቿ ካሌ ድረስ ተከትለው አገኟት፤ ፓርላማው በ1827 ጋብቻውን አፈረሰው፣ ዌክፊልድም የሦስት ዓመት እስራት ተፈረደበት። አንዲት ልጅ «እሺ» ማለቷ ተሰምቷል፤ «እሺ» ያለችበትን ምክንያት የሚጠይቅ ግን በዚያ አልነበረም።

አማርኛ ይህን ልዩነት በሁለት ቃላት ይዞታል። ኩብለላ በሁለቱ ፈቃድ ነው፤ ጠለፋ በአንዱ ጉልበት። በታሪካችን ግን ጠላፊው ነገሩን በሽማግሌ ሲያስታርቅ፣ ጠለፋው ጋብቻ ተብሎ የሚታለፍበት ጊዜ ብዙ ነበር። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕግ ካገባት ከክስ ነጻ ያወጣው ነበር። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ይህን አስቀረ፤ በኋላ የተፈጸመ ጋብቻ ወንጀሉን አያጥብም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ጋብቻ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ሲፈጸም ከሙሽራውም ከሙሽሪትም ወገን ሁለት ሁለት ምስክሮች እንዲገኙ ይጠይቃል። ከዚያ በፊትም የሰማንያ ጋብቻ በሽማግሎችና በምስክሮች ፊት የሚታሰር ውል ነበር። ምስክር የሚቆመው ለድግሱ ማድመቂያ አይደለም።

ወደ ብሪታንያ ልመለስ። የግሬትና ግሪን መንገድ በአንድ ቀን አልተዘጋም። በ1836 የወጣ ሕግ በእንግሊዝ የመንግሥት ጋብቻን ፈቀደ፤ የ1856ቱ ሕግ ደግሞ ከተጋቢዎቹ አንዳቸው ቢያንስ 21 ቀን በስኮትላንድ እንዲቀመጡ አዘዘ። በቃል ስምምነት ብቻ መጋባት በስኮትላንድ ያበቃው በ1940 ነው። በእንግሊዝና በዌልስ ግን ጋብቻ ከጣሪያ ሥር መፈጸሙ ለረጅም ጊዜ ጸንቶ ኖረ። የ1994ቱ ሕግ ሆቴሎችንና አዳራሾችን ቢጨምርም፣ በእነዚህ በተፈቀዱ ስፍራዎች የመንግሥት ጋብቻን በሜዳ ላይ መፈጸም የተቻለው ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ነው። ስኮትላንድ ይህን በ2002 ሕጓ ቀድማ ፈቅዳለች።

ዛሬ ይህ ጋብቻ ከሚዘወተርባቸው ስፍራዎች አንዱ በአሜሪካ የዋሽንግተን ግዛት የሚገኘው የኦሎምፒክ ብሔራዊ ፓርክ ነው። በ1938 የተመሠረተው ይህ ፓርክ፣ በሙሽባ የተሸፈነውን የሆህ ዝናባማ ደንና ማዕበል የተፋቸው ግዙፍ ግንዶች የተከመሩበትን የሪያልቶ ዳርቻ በአንድነት ይዟል። እዚህ ለመጋባት የሚያስብ ሰው የሚያዘጋጀውን ተመልከቱ። በመጀመሪያ የጋብቻ ፈቃድ ያወጣል፤ ፈቃዱ ከወጣ በኋላ ሦስት ቀን ይጠብቃል፤ በ60 ቀን ውስጥም ካልተጠቀመበት ይሰረዛል። አጋቢና ሁለት ምስክሮች ያስፈልጉታል። ለሥርዓቱ የፓርኩን ልዩ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከደኑ አበባ መቅጠፍ ክልክል ነው። በዳርቻው ላይ የባሕሩን ሙላትና ጉድለት ሰዓት አስቀድሞ ያጠናል፤ ባሕሩ ሲሞላ ማለፊያ የሚያጡ አፋፎች አሉና። በአቅራቢያው ያለው የላፑሽ ዳርቻ ደግሞ የኩሊዩት ሕዝብ ይዞታ ስለሆነ፣ በዚያ ፈቃድ ሰጪው ፓርኩ ሳይሆን ሕዝቡ ራሱ ነው። ወሰኑ ዛሬም በባሕር ዳርቻው ላይ አለ።

እንግዲህ የጥንቱ ኮብላይ ከሕግ ወደ ሌላ ሕግ ይሸሽ ነበር፤ የዛሬው ግን ወደ ደን የሚገባው ሕጉን በኪሱ ይዞ ነው። የሚሸሸው ከአባት ቁጣ ሳይሆን ከድግሱ ብዛት፣ ከወጪውና ከይሉኝታው ነው። ይሁን እንጂ የሃርድዊክ ጥያቄ አልሞተም። በኮሎራዶ ግዛት ጥንዶች ያለ አጋቢና ያለ ምስክር ራሳቸውን ማጋባት ይችላሉ፤ የጥንቱ የስኮትላንድ መርሕ በአዲስ መልክ ተመልሷል ማለት ይቻላል። ይህን በመልካም የሚቀበሉት ሰዎች ፈቃድ የሁለቱ ብቻ ነው ይላሉ፤ እኔም ፈቃድ የሁለቱ ብቻ መሆኑን አልክድም። ግን ፈቃዱ የሁለቱም መሆኑን የሚያረጋግጠው ማን ነው? የኤለን ተርነር ታሪክ የሚያስተምረን፣ ምስክር የተፈለገው ለ«እሺታው» ከሆነ ይልቅ «እምቢታም» ሰሚ እንዲያገኝ መሆኑን ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምተወው ምክር አንድ ነው። የጋብቻን ታሪክ ስታጠኑ በድግሱ ስፋት አትመዝኑት። ሺህ ሰው የታደመበት ሠርግ ሙሽሪትን ማንም ያልጠየቀበት ሊሆን ይችላል፤ አራት ሰው በቆመበት ደን ውስጥ የተፈጸመውም ከሁሉ የጸና ሊሆን ይችላል። መዝገቡን ስትከፍቱ የምስክሮቹን ስም ፈልጉ፤ ከዚያም እነዚህ ሰዎች የማን ወገን እንደነበሩ ጠይቁ።