ሞመንት

«ሞመንት» አንድ ኃይል ከርቀት ሆኖ የሚፈጥረው የማዞር ወይም የማጉበጥ አቅም ነው። ኃይሉ በርቀቱ ተባዝቶ ስለሚገኝ መለኪያው ኪሎ ኒውተን ሜትር ነው። የስትራክቸራል አናሊስስ ተማሪ ውሎው ከዚህ ቃል ጋር ነው።

ቀመሩን መሸምደድ ቀላል ነው፤ የሚያሳስበኝ ተማሪው ውጤቱን እንደ ተራ ቁጥር ማየቱ ነው። በሁለት ጫፉ ብቻ የተደገፈ የ6 ሜትር ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) በእያንዳንዱ ሜትር 20 ኪሎ ኒውተን ቢሸከም፣ መሀሉ ላይ ያለው ሞመንት 90 ኪሎ ኒውተን ሜትር ይሆናል። ርዝመቱ 12 ሜትር ሲሆን ግን 360 ይደርሳል፤ ርዝመቱ እጥፍ፣ ሞመንቱ አራት እጥፍ።

አቅጣጫውም ከመጠኑ አያንስም። ይህ ቢም ወደ ታች ስለሚጎብጥ ታችኛው ፊቱ ይሳባል፤ አርማታ ደግሞ ሲጫኑት ጠንካራ፣ ሲስቡት ደካማ ነውና ዋናው ፌሮ ከታች ይገባል። ከሕንፃው ወጣ ብሎ በተንጠለጠለ በረንዳ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ የሚሳበው ላይኛው ፊት ነው፤ ፌሮውም ከላይ ይሆናል። አርማታ በሚሞላበት ቀን ሠራተኞች እየረገጡ ያን ፌሮ ወደ ታች ከሰደዱት፣ ወረቀት ላይ ያለው ስሌት ሁሉ ትክክል ሆኖ በረንዳው ሊወድቅ ይችላል።

መሐንዲሱ ሃርዲ ክሮስ ሞመንትን በእጅ እያከፋፈሉ የሚያሰሉበትን ዘዴ በ1930 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ዛሬ ኮምፒውተር በቅጽበት ይሠራዋል። እኔ ግን ዘዴው ከትምህርቱ መውጣት የለበትም እላለሁ፤ ወጥ በሆነ ቢም ላይ ሞመንቱ ከአንዱ መጋጠሚያ ወደ ማዶው በግማሹ ሲሻገር ተማሪው ዙር በዙር በዓይኑ ያየዋልና።