ጉልቻ ቢለዋወጥስ?

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» እንላለን። እኔ ግን ዓይን ያድናል ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠራው ምርት ምድጃ የእንጀራ ማገዶን ከሦስት ጉልቻ አንጻር በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ጭሱን ግን በኋላ ቀዳዳ አወጣው እንጂ ከቤት አላስወጣውም።

እዚህ መልካ ወረር በደርግ ዘመን የተተከለው ፕሮሶፒስ፣ አፋሮች «ደርጊ ሃራ» የሚሉት፣ ዛሬ ማገዶና ከሰል ሆኗል። ማገዶ አላጣንም፤ ያጣነው ጭስ ማውጫ ነው።

ጎረቤቶቼ፣ ጭስን ወደ ላይ የሚስበው የቱቦው አየር ከውጭው መሞቁ ነው። በእኛ ሐሩር ልዩነቱ ይጠባል። ስለዚህ ቱቦው ረዘም፣ ቀጥ ያለና ከጣሪያው ጫፍ በላይ ይሁን፤ ከምድጃው የሚገናኝበትም በደንብ ይመረግ፤ በስንጥቁ ቀዝቃዛ አየር ከገባ ስበቱ ይደክማል። ያኔ ወጡ ባይጣፍጥ እንኳ እናቶቻችን ሳያነቡ ይሠሩታል።