ኩልና መኳያ፤ በለገዳዲ ከተገኘ አንድ የቤት ዕቃ ተነሥቶ የተጻፈ የታሪክ ማስታወሻ

«ልኳል ብላ ዐይኗን አጠፋች» የሚለው ተረት በአገራችን የታወቀ ነው። ዛሬ የሚነገረው ነገርን አሻሽላለሁ ብሎ ለሚያበላሽ ሰው ነው። ይሁን እንጂ ተረት ሁሉ ምሳሌ ከመሆኑ በፊት የሆነ ነገር እንደነበረ መዘንጋት አይገባም። ስለ ወፍጮ የሚተርት ሕዝብ ወፍጮን ያውቃል፤ ስለ ኩል የሚተርትም ሕዝብ ኩል ሲኳሉ ዐይን እንደሚጐዳ አይቶ ያውቃል ማለት ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ልናመለክት የምንሻው ይኸንኑ ነው፤ ይኸውም ሴቶቻችን በጥቂት ወጪ ራሳቸውን ያስጌጡበት የነበረው ዕቃ ከየት እንደመጣ፥ እንዴት ይጠበቅ እንደነበረና ስለ ጤና ምን እንደሚያስተምረን ነው።

ኩል የሚባለው ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ተወቅጦና ልሞ በቀጭን ጨርቅ ከተነፋ በኋላ በዐይን ሽፋሽፍት ሥር የሚቀባ ዱቄት ነው። ዱቄቱ የሚቀመጥበት ዕቃ ብዙ ዓይነት ነው፤ ከቀንድ፥ ከሸምበቆ፥ ከእንጨት፥ ባለጸጋም ከሆነች ከብር ይሠራል። መኳያው ጫፉ የለሰለሰ ቀጭን ዘንግ ሲሆን፥ ብዙ ጊዜ ከዕቃው ውታፍ ጋር አብሮ ይያያዛል። እንግዲህ ዕቃው ሦስት ነገር ነው ማለት ነው፤ ማኅደሩ፥ ዱቄቱና ዘንጉ። ጸሐፊዎች ስለ ኩል ሲያወሱ ሦስቱን እንደ አንድ ይቈጥራሉ፤ እኛ ግን እያንዳንዱ የራሱ ታሪክና የራሱ አደጋ ስላለው ለያይተን እንመለከታቸዋለን።

የኩል ጥንታዊነት የሚያከራክር አይደለም። የግብጽ ንግሥት ሐትሼፕሱት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው መቶ ዓመት ወደ ፑንት አገር የላከቻቸው መርከቦች ይዘውት የተመለሱት ዕቃ በዴር ኤል ባሕሪ መቅደስ ግድግዳ ላይ ተቀርጿል፤ በዝርዝሩም ውስጥ ከዕጣንና ከዞጲ፥ ከዝንጀሮና ከነብር ቆዳ ጋር የዐይን ኩል ይገኛል። ፑንት የት እንደነበረች ሊቃውንት ብዙ ተከራክረዋል፤ ነገር ግን በቀይ ባሕር ደቡባዊ ክፍል፥ በዛሬዎቹ የኤርትራ፥ የኢትዮጵያና የሶማሌ አገሮች አቅጣጫ እንደነበረች ብዙዎቹ ይስማማሉ። ስለዚህ ኩል ወደ እኛ ብቻ የመጣ ሳይሆን ከእኛም አቅጣጫ ወደ ሌላው የሄደ ንግድ ነበረ ለማለት ይቻላል።

ቃሉም ይኸንኑ ይመሰክራል። በግእዝ ኵሕል፥ በዐረብኛም ኩሕል ይባላል፤ በዕብራይስጥም ከዚሁ ሥር የወጣ ግሥ አለ። ዐረቦች እጅግ የላመውን ዱቄት «አልኩሕል» ሲሉ፥ የአውሮጳ ቀማሚዎች ቃሉን ወስደው በመጀመሪያ ለማናቸውም የላመ ነገር፥ በኋላም ለተጣራ መጠጥ አደረጉት፤ ዛሬ «አልኮል» የምንለው ከዚህ የመጣ ነው። የኢዮብም ሦስተኛ ልጅ ስሟ በዕብራይስጥ «ቄሬን ሃፑክ» ሲሆን ትርጓሜው «የኩል ቀንድ» ማለት ነው። ቀንድ የኩል ማኅደር መሆኑ ከዚያ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነበረ።

በቅዱሳት መጻሕፍት ኩል ሁለት መልክ አለው። በመጽሐፈ ነገሥት ኤልዛቤል ኢዩ መምጣቱን ሰምታ ከመሞቷ በፊት ዐይኗን ስትኳል እናነባለን፤ በኤርምያስና በሕዝቅኤልም ኩል የከንቱ ጌጥ ምልክት ሆኖ ይወቀሳል። በዮሐንስ ራእይ ግን ለሎዶቅያ ቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው ምክር ዐይኗ እንዲያይ ኩል እንድትኳል ነው፤ በዚህ ስፍራ ኩል መድኃኒት ነው። በእስልምናም ነቢዩ ኢስሚድ የተባለውን ኩል ለዐይን ጥራት እንደመከሩ በሐዲስ ይነገራል። እንግዲህ በሁለቱም ሃይማኖት ውስጥ ላደገች ኢትዮጵያዊት ሴት ኩል ጌጥና መድኃኒት ሆኖ የቆየ ነው። አንዲት እናት የሕፃን ልጇን ዐይን ስትኳል ታስጌጠዋለች ወይስ ታክመዋለች ብሎ መጠየቅ ለእርሷ ትርጉም አይሰጥም፤ ሁለቱን አንድ አድርጋ ተቀብላለችና።

አሁን ወደ ስፍራው እንመለስ። ለገዳዲ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፥ በደሴ መንገድ የሚገኝ ነው። ስሙ ኦሮምኛ ሲሆን «ለጋ» ወንዝ፥ «ዳዺ» ጠጅ ማለት ስለሆነ የጠጅ ወንዝ ማለት ይሆናል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ. ም. ከተቈረቈረች ጀምሮ ለገዳዲ፥ ሱሉልታ፥ ቡራዩና ሰበታ ዋና ከተማዪቱን እንደ ቀለበት ከብበው የሚቀልቧት አገሮች ሆኑ። ቅቤው፥ ወተቱ፥ ድርቆሹና ማገዶው ከእነርሱ ይወጣ ነበር። በ1936 ዓ. ም. ገደማ ከቡራዩ አጠገብ የገፈርሳ፥ በ1962 ዓ. ም. ደግሞ የለገዳዲ ግድብ ሲሠራ ውሃውም ከእነርሱ ሆነ። በ2015 ዓ. ም. እነዚህ ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ የእርሻው መሬትም ከቀን ወደ ቀን የቤት መሥሪያ ሆኗል።

የአገሬው ሴት ጌጥ ከዚህ ኑሮ ተለይቶ የሚታይ አይደለም። ቅቤ ለራስ ጠጕር ዋና ቅባት ነው፤ ነገር ግን ቅቤ ገንዘብም ነው። ወደ ገበያ የሚሄደውን ቅቤ የምትንጥ ሴት ለራሷ የምትቀባው ከዕለት ገቢዋ ላይ ቀንሳ ነው። ስለዚህም ቅቤው እንዳይባክን የሚያደርጉ ጥበቦች ተበጁ። ለጋው ቅቤ ከአደስ ቅጠል ጋር ሲለወስ ሽታው ያምራል፤ የተሠራው ሹሩባ በአንድ ሌሊት እንዳይፈርስ በብርኩማ ላይ አንገትን አሳርፎ መተኛት ተለመደ። ብርኩማ በሙዚየም ውስጥ ለውበቱ ይደነቃል፤ በባለቤቷ ዘንድ ግን የቁጠባ መሣሪያ ነው፤ የብዙ ሰዓት ድካምና የቅቤ ዋጋ እንዳይጠፋ ይጠብቃልና። ለእጅና ለእግር ቀለም በየወንዙ ዳር ከሚበቅለው ከእንሶስላ ሥር ይገኛል፤ ለልብስ እጥበትም እንዶድ አለ። እንዶድ ቢልሃርዝያን የሚያዛምተውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ያስተዋሉት በ1964 እ. ኤ. አ. ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበትን ወንዝ ተመልክተው ነው። ከሴቶች የዕለት ሥራ ታላቅ ዕውቀት ሊገኝ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

ከእነዚህ ሁሉ መካከል በገንዘብ የሚገዛው ኩል ብቻ ነበረ ለማለት ይቻላል። ድንጋዩ የሚመጣው በነጋዴ እጅ ነው። በ1909 ዓ. ም. የምድር ባቡር አዲስ አበባ ከገባ በኋላ የውጭ አገር ሳሙና፥ መስተዋትና ቅባት በገበያው በረከተ፤ የሆነ ሆኖ ኩል ከስፍራው አልተነቃነቀም፤ ምክንያቱም ጥቂቱ ለብዙ ጊዜ ይበቃል። በአንድ ቀንድ የተሞላ ኩል እርጥበት ካልነካው ለዓመታት ይቆያል። ስለዚህ ጥበቃው ሁሉ በውታፉና በዘንጉ ላይ ነው፤ ውታፉ እንዳይላላ፥ ዘንጉም ረጥቦ ወደ ቀንዱ እንዳይመለስ ያስፈልጋል።

ይኸን ነገር በለገዳዲ አንዲት አሮጊት እናት አስረድተውኛል። በውጭ አገር ስማር በሎንዶን የብሪታንያ ሙዚየም በመስተዋት ውስጥ የተደረደሩትን የግብጽ የኩል ዕቃዎች ብዙ ጊዜ ተመልክቻለሁ፤ ወደ አገሬ ስመለስ እንደዚያ ያለ ዕቃ ለትምህርት ማሰባሰብ ዋና ምኞቴ ነበረ። እኒህ እናት በእጅ ብዛት የጠቈረ የኩል ቀንድ ሲያሳዩኝ ወዲያው «እናቴ፥ ይሸጡልኛል ወይ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም ሳቅ ብለው «ልጄ፥ ቀንዱ የእናቴ ነው፤ አይሸጥም። እንጨቱ ግን የኔ ነው፤ ከፈለግህ ሌላ እጠርብልሃለሁ» አሉኝ። ነገሩ ስላልገባኝ ደግሜ ጠየቅሁ። እናታቸው ባረፉ ጊዜ ቀንዱን ወርሰው መኳያውን እንደጣሉት፥ ለራሳቸውም አዲስ እንዳስጠረቡ ነገሩኝ። ምክንያቱን ስጠይቃቸው «የሰው ዐይን ያየውን እንጨት ወደ ዐይኔ አላስገባም» አሉ።

የአንድ ቤት ልማድ የአገር ሕግ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ይህ ቃል ሁለት ትርጉም አለው። ባለቤቷ ስለ ዐይነ ጥላና ስለ ሰው ዐይን ክፉነት ተናግረው ይሆናል፤ ነገር ግን ልማዱ የሚሠራው ሥራ ሐኪም ከሚያዘው ጋር አንድ ነው። ትራኮማ የሚባለው የዐይን በሽታ ከዐይን የሚወጣው ፈሳሽ በእጅ፥ በጨርቅና በዝንብ ከሰው ወደ ሰው ሲሻገር የሚዛመት ነው። ከአንድ ዐይን ወደ ሌላ ዐይን የሚሄድ የጋራ ዘንግም ለዚህ መንገድ ሊሆን እንደሚችል ግልጽ ነው። በ1998 ዓ. ም. በመላ ኢትዮጵያ በተደረገው የዐይን ጤና ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶ የሚሆነው ዐይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል፤ ከዚህም ውስጥ ግማሹ ያህል በዐይን ሞራ፥ ከመቶ 11.5 ያህሉ ደግሞ በትራኮማ ምክንያት ነው። በሰበታ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ይገኛል፤ ስለ ዐይን የምንጽፈው ነገር የመጻሕፍት ቤት ጨዋታ እንዳልሆነ እርሱ ያስታውሰናል።

እዚህ ላይ የሠርግ ልማዳችንን መመልከት ይገባል። በሠርግ ዘፈን ሙሽራይቱ ኩሏን ማን እንደኳላት ትጠየቃለች። ይህ ጥያቄ አንድ የታሪክ ማስረጃ ነው፤ ሙሽራ በገዛ እጇ አትኳልም፤ የሚኳላት ሌላ እጅ አለ ማለት ነውና። በዚያም ቀን ሚዜዎቿና እኅቶቿ በዙሪያዋ ተሰብስበው ይኳላሉ። ቀንዱ አንድ፥ ዘንጉም ብዙ ጊዜ አንድ ነው። እንግዲህ የደስታው ቀን በሽታ ከዐይን ወደ ዐይን የሚሻገርበት ቀን ሊሆን ይችላል። በተረቱ ውስጥ ያለችው ሴት ዐይኗን ያጠፋችው በዘንጉ ጫፍ ወግታው ይሆናል፤ ወይም ከሰው በተዋሰችው መኳያ ምክንያት ከብዙ ቀን በኋላ ይሆናል። ተረቱ ይኸን አይለይም፤ እኛ ግን ሁለቱንም ማሰብ አለብን።

ስለ ዱቄቱም ዝም ማለት አይገባም። ኩል ተብለው የሚሸጡት ድንጋዮች ሁሉ አንድ አይደሉም። አንዳንዱ አንቲሞኒ የሚገኝበት ነው፤ በብዙ አገሮች ተመርምሮ የታየው ግን ብዙው ጋሌና የሚባለው፥ እርሳስ ያለበት ማዕድን ነው። ይህ ድንጋይ ከባድና የሚያብረቀርቅ ሲሆን ሲሰበር በአራት ማዕዘን ይፈረካከሳል። እርሳስ በሰውነት ውስጥ እየተጠራቀመ ደምንና አንጎልን ይጐዳል፤ ይልቁንም ሕፃናት ዐይናቸውን ባሹበት እጅ አፋቸውን ስለሚነኩ ጕዳቱ በእነርሱ ላይ ይበረታል። የዓለም የጤና ድርጅትም አይጐዳም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል።

አንዳንድ ሊቅ በዚህ ላይ ተቃውሞ ሊያነሣ ይችላል። የግብጽ ሐኪሞች በኤቤርስ ፓፒሩስ ኩልን ለዐይን መድኃኒት አድርገው ጽፈዋል፤ በ2010 እ. ኤ. አ. የፈረንሳይ ተመራማሪዎችም በግብጽ ኩል ውስጥ ያሉት አንዳንድ የእርሳስ ጨዎች በጥቂቱ ሲሆኑ የሰውነትን የበሽታ መከላከያ ሊያነቃቁ እንደሚችሉ አመልክተዋል። ይህ እውነት ነው፤ አያቶቻችንም በከንቱ አላመኑም። ነገር ግን ያ ጥናት የተመለከተው ግብጻውያን በብልሃት የቀመሟቸውን ጨዎች ነው እንጂ በዛሬ ገበያ በጥቅል የሚሸጠውን ዱቄት አይደለም። ለጥንታውያን የሚገባውን ክብር መስጠት አንድ ነገር ነው፤ በሕፃን ዐይን ላይ እርሳስ መቀባት ሌላ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት አሳብ እንዲህ ነው። ማኅደሩ ሊወረስ ይገባዋል፤ የእጅ ጥበብና የትዝታ ዕቃ ነውና። ዘንጉ ግን የግል መሆን አለበት፤ አንድ መኳያ ለመጥረብ ከአንዲት ቀጭን እንጨትና ከጥቂት ትዕግሥት በቀር ምንም ወጪ የለውም። ከመኳል በፊት ፊትን በንጹሕ ውሃ መታጠብ፥ ዘንጉንም አጥቦ ማድረቅ ያስፈልጋል። የለገዳዲ ውሃ የዋና ከተማዪቱን ፊት ሲያጥብ ኖሯል፤ በግድቡ ዙሪያ የሚኖሩትም እናቶችና ልጆች ፊታቸውን የሚታጠቡበት ውሃ እንዳይጐድልባቸው ማሰብ ፍትሕ ነው። ዱቄቱ ሳይመረመር በሕፃናት ዐይን ላይ ባይደረግ ይሻላል።

ለእኛ ለተማሪዎቹም አንድ ሥራ ይቀራል። እስካሁን ዕቃ ስንሰበስብ ቀንዱን እንወስዳለን፤ ዘንጉን እንዘነጋለን፤ የባለቤቷንም ቃል አንጽፍም። ከእንግዲህ ወዲያ ግን ዕቃው ማን እንደሠራው፥ ለማን እንደተዋሰ፥ ለማንስ እንደተከለከለ መጠየቅ ይገባናል። የምናውቀውንም ለባለቤቶቹ መልሰን መንገር ግዴታችን ነው፤ ስለ እርሳስ የሚያውቅ መምህር ይኸን በመጽሔት ጽፎ ለእናቶች ካልነገረ ከተረቱ ሴት ብዙ አይሻልም።

እኒያ እናት ቀንዳቸውን አልሸጡልኝም፤ እኔም ደግሜ አልለመንሁም። ቃላቸውን ጠብቀው የጠረቡልኝ አዲስ መኳያ ግን በጠረጴዛዬ ላይ ይገኛል። ማንም አልተኳለበትም።