ወደ መንገድ የሚከፈት በር

ካርቱም ውስጥ «ሐበሻ የሚኖረው የት ነው?» ብለው ቢጠይቁ ዴይም ወይም ጀሪፍ የሚባሉትን ሰፈሮች ይጠሩልዎት ነበር። እውነቱ ግን የምንኖረው በሰው ግቢ ውስጥ ነበር።

የሱዳን ቤት ሆሽ ነው፤ ረጅም አጥር፣ መሐሉ ባዶ ግቢ፣ ዳር ዳሩን ክፍሎች። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ሰው ሌሊቱን ግቢው ውስጥ አንገረብ በሚባለው አልጋ ላይ ይተኛል። የእንግዳ ማረፊያው ዲዋን ደግሞ ወንድ እንግዳ ሴቶቹ ጋ ሳይደርስ እንዲገባ በሩ ወደ መንገድ ይከፈታል። ሐበሻን ያስገባው ይህ በር ነው። ዲዋኑ ሲከራይ ባለቤቱም ተከራዩም ሳይጠባበቁ ይወጣሉ፣ ይገባሉ። አዲስ አበባ ሰርቪስ ቤት ለኖረ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በዋናው በር ማምሸት ምን እንደሚያስከትል ያውቃላ!

ደርግ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወርስ ግለሰብ ቤት እንዳያከራይም ከለከለ። ከዚያ በኋላ በመተማ በኩል የተሰደደው ሰው ካርቱም ሲደርስ ግን ዕጣው የግለሰብ ተከራይነት ሆነ። ለኑሮ የመጡት እየበዙ ሲሄዱ ዲዋኑ አልበቃም፤ ከግቢው ጥግ አንድ ክፍል፣ ከዚያ ሌላ ተጨመረ። ቦታው ግን የተሸነሸነው ለአንድ ቤተሰብ ነበር። የተጨመሩትን ክፍሎች የሠሩት ሰዎች ጡብ የመረጡት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በ1988 እ.ኤ.አ. ነሐሴ የወረደው ዝናብና የተከተለው ጎርፍ ብዙ የጭቃ ቤት አፍርሷል።

ኪራዩ ብዙም አያከራክርም ነበር፤ የሚያከራክረው ምጣድ ነበር። መብራት በቅድሚያ ተከፍሎ ስለሚገዛ ምጣዱ ሲሰካ ሒሳቡ ዓይን እያየ ይወርዳል። እኔ የተከራየሁባት ሐጃ ለጋገራ አንድ ቀን ለየችልን፤ የዚያን ቀን መብራት የምንገዛው እኛ ነን፣ የመጀመሪያው ትኩስ እንጀራ ግን የልጆቿ ነው። ቡና ላይ ጠብ አልነበረም፤ ጀበና ሱዳኖቹም አላቸው፣ ዝንጅብል ያበዙበታል እንጂ። ጠላና አረቄ ሌላ ጉዳይ ነው። በመስከረም 1983 እ.ኤ.አ. የሸሪዓ ሕግ ከታወጀ ወዲህ ጥንስስ ማለት ፖሊስ መጥራት ነበር፤ አከራይ ሁሉ ይህን አስቀድሞ ይናገር ነበር።

የዚህ ሁሉ ውል ቃል ነበር። ተከራይ በገዛ ገንዘቡ የቆርቆሮ ማድቤት ይሠራል፣ ሽንት ቤት ያስቆፍራል፤ ወጪው ከኪራይ እንዲታሰብለት ይስማማል፤ ወረቀት የሚባል አልነበረም። በሰላሙ ጊዜ ወረቀት መጠየቅ ነውር ይመስለን ነበር። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲጀመር ባለቤቱ ወደ ዘመዶቹ፣ ተከራዩ ወደ መተማ ተበተነ፤ የስድስት ወር ኪራይ ማድቤት ላይ ያዋለ ሰው ማንን ይጠይቅ?