ኮሶ፦ ከደጋው ዛፍ እስከ መርሳ ገበያ

ኮሶ የደጋ ዛፍ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 እስከ 3,300 ሜትር ባለው ከፍታ ላይ በደንብ ይበቅላል፤ ሲመቸው እስከ 20 ሜትር ይረዝማል። ቅርፊቱ ቀላ ያለና የሚላላጥ ነው፤ አበባው እንደ ወይን ዘለላ ቁልቁል ይንጠለጠላል። የዕፅዋት ሊቃውንት ከጽጌረዳና ከፖም ጋር በአንድ ቤተሰብ ይመድቡታል። ወንዴና ሴቴው በየራሳቸው ዛፍ ላይ የሚያብቡ ሲሆን፣ ለመድኃኒት የሚመረጠው የሴቴው ቀይ አበባ ነው። መርሳ ደግሞ ከወልድያ በስተ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከተራራው ግርጌ የተቀመጠች ሞቃት ከተማ ናት፤ ከፍታዋ 1,600 ሜትር አካባቢ ነው። በዚህ ከፍታ ማንጎና ፓፓያ፣ ሎሚና ማሽላ እንጂ ኮሶ አይበቅልም። ለኮሶ የሚስማማው አየር ያለው በስተ ምዕራብ በጉባ ላፍቶ፣ በደላንታ፣ በዋድላና በመቄት ደጋዎች ላይ ነው። ስለዚህ መርሳ ላለችበት ለሐብሩ ወረዳ ቆላ ሰው ኮሶ ከጓሮ የሚቀጠፍ ቅጠል አልነበረም፤ ከደጋ ወርዶ በገበያ የሚገዛ ነበር።

የኮሶ ታሪክ ከጥሬ ሥጋ ታሪክ ተነጥሎ አይነገርም፤ መድኃኒቱ የሚጠጣው ጥሬ የከብት ሥጋ ከመብላት የሚመጣውን የአንጀት ትል ለማስወጣት ነውና። ዛሬ ሰሜን ወሎ የሚባለው አገር ሰፊ ክፍሉ ከኦሮሞ መስፋፋት በፊት አንጎት ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1520 የፖርቹጋል መልእክተኞች ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ሲጓዙ በዚሁ አገር አልፈዋል። የቡድኑ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የአንጎት ገዥ ያደረገላቸውን ግብዣ በመጽሐፉ ጽፎታል፤ በማዕዱ ላይ ጥሬ ሥጋ ከነደሙ፣ ከሐሞት የተሠራ ማባያና ብዙ ጠጅ ቀርቦ ነበር። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1540 ሊስቦን ላይ ታትሟል። ለእንግዶቹ ጉድ የሆነባቸው ይህ ገበታ ለአገሬው የክብር ገበታ ነበር፤ ቁርጥ ዛሬም በሠርግና በበዓል ከሁሉ በፊት የሚታሰብ ነው። ወሎ ውስጥ የክርስቲያኑና የእስላሙ ከብት በተለያየ ስም ተባርኮ ይታረዳል፤ ትሉ ግን ሃይማኖት አይለይም፣ መድኃኒቱም የጋራ ነበር።

ትሉ በሰው አንጀት ውስጥ ተጣብቆ ብዙ ሜትር ይረዝማል። ሰውነቱ በአንጓ በአንጓ የተቀጣጠለ ነው፤ የበሰሉት አንጓዎች እየተቆረጡ ከሰገራ ጋር ይወጣሉ። እንቁላሉ በሜዳ ላይ ከሣር ጋር ይቀላቀላል፣ ከሣሩ ወደ በሬው ይገባል፣ በበሬው ሥጋ ውስጥም ደቃቅ ከረጢት ሆኖ ሰው ጥሬውን እስኪበላው ይቆያል። ይህን ዑደት በሙከራ ያረጋገጠው ጀርመናዊው ሩዶልፍ ሎይካርት ነው፤ ለጥጃዎች የትሉን አንጓ አብልቶ ውጤቱን ያየው እ.ኤ.አ. በ1861 ነበር። ያገሬው ሰው የከረጢቱን ነገር ባያውቅም የትሉን ጠባይ ያውቃል። አንጓው ሲወጣ የተመለከተ ሰው «ኮሶ ታየኝ» ይላል፤ ያን ጊዜ መጠጫው ደርሷል ማለት ነው።

አብዛኛው ሰው በየሁለት ወሩ ይጠጣ ነበር። ይህ ቀጠሮ በዘፈቀደ የተቆረጠ አይመስልም። የኮሶ አበባ ትሉን አዳክሞ አብዛኛውን አካሉን ያስወጣል፤ ከአንጀት ግድግዳ ጋር የተጣበቀችው ትንሽ ራሱ ግን ብዙ ጊዜ ትቀራለች። ከእርሷ የሚያድገው አዲስ አካል እንደገና አንጓ መጣል የሚጀምረው ከሁለት እስከ ሦስት ወር በኋላ ነው። አጉሊ መነጽር ያልነበረው ኅብረተሰብ የትሉን ዕድገት በወር ቆጥሮ የመድኃኒቱን ቀን ከዚያ ጋር አስማምቶት ነበር። በእማኝነትና በትዝታ ብቻ የተገነባ እንዲህ ያለ ዕውቀት ከፍ ያለ አድናቆት ይገባዋል።

አዘገጃጀቱ የቤት እመቤቶች ሙያ ነበር። የደረቀው አበባ ከዘንጉ ተራግፎ በድንጋይ ወፍጮ ይደቅቅና በውሃ ወይም በጠላ ይበጠበጣል፤ ጠላ የማይጠጣ በማር ብርዝ ይይዘዋል። የሚጠጣው ጎሕ ሲቀድ በባዶ ሆድ ነው። መራራነቱ ከባድ በመሆኑ በጥቂት በጥቂቱ መጎንጨት አይቻልም፤ አተላው ሳይቀር በአንድ ትንፋሽ ይጨለጣል። ማቅለሽለሹን ለመቋቋም ሎሚ ይሸተታል፤ እዚህ ላይ የቆላው ጓሮ የደጋውን መድኃኒት ያግዛል። የጠጣው ሰው ትሉ እስኪወጣ ድረስ ምግብ አይቀምስም፤ ሲሻለው አጥሚት ወይም ሌላ ለስላሳ ነገር ይሰጠዋል። ልኩ በእፍኝ ቢሆንም የአበባው ዕድሜ ከግምት ይገባል፤ የከረመ ኮሶ ኃይሉን ያጣልና። ኮሶ ባበበበት ሰሞን ከቀፎ የተቆረጠ ማርም ለዚሁ ሕመም ይበጃል ተብሎ ይፈለግ ነበር።

የኮሶ ቀን የታወቀ የዕረፍት ቀን ነበር። የጠጣ ሰው ሥራ አይወጣም፣ ለሙግት አይቀርብም፣ እንግዳም አይቀበልም፤ አሽከርም ቢሆን ከጌታው ፈቃድ ያገኛል። በዚህም ምክንያት «ኮሶ ጠጥቷል» የሚለው ቃል ማንንም ሳያስቀይም ደጅ ጠኚን ለመመለስ የሚያገለግል የጨዋ ምክንያት ሆነ። ይህን ልማድ ከባላባት ቤት እስከ ገበሬ ጎጆ ሁሉም ይጋሩት ነበር፤ ልዩነቱ ባላባቱ ሥጋውን ብዙ ጊዜ መብላቱ ነው።

ሻጮቹ ግን ድሆች ነበሩ። አበባውን ከደጋ በእስር በእስር ተሸክመው የሚያወርዱትና በገበያ ጥግ ቁጭ ብለው የሚቸረችሩት በአብዛኛው ሴቶች ሲሆኑ፣ ሥራው ከዝቅተኛ ንግድ ይቆጠር ነበር። ይህ ንቀት በአገሪቱ ታሪክ ውስጥ ስሙን ያስጠራበት አንድ አጋጣሚ አለ፤ ነገሩም ከየጁ ሰዎች ጋር የተያያዘ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ የጎንደርን መንግሥት በእንደራሴነት ይገዙ የነበሩት ከየጁ የወጡ መሳፍንት ነበሩ፤ ወልድያም መርሳም በየጁ ምድር ላይ ያሉ ናቸው። የመጨረሻው የየጁ ገዥ የዳግማዊ ራስ ዓሊ እናት እቴጌ መነን በቋራው ካሣ ላይ ጦር ስትልክ፣ ደጃዝማች ወንድይራድ የተባለው ሹሟ «ያን የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ አመጣዋለሁ» ብሎ ፎከረ ይባላል። የካሣ እናት ወይዘሮ አትጠገብ ከባሏ ሞት በኋላ ተቸግራ በጎንደር ኮሶ ትሸጥ ነበር የሚል ወሬ በጠላቶቹ ዘንድ የተለመደ ስድብ ነበር። ወንድይራድ ድል ተነሥቶ ተማረከ። ካሣም እናቱ ዛሬ ገበያ ወጥታ ኮሶዋ ስላልተሸጠላት እንዲጠጣላት ነግሮ ያን መራራ ነገር እንዳስጨለጠው ይተረካል። ካሣ እ.ኤ.አ. በ1853 አይሻል ላይ የየጁን ኃይል ሰብሮ በ1855 ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ።

ኮሶ ከኢትዮጵያ ውጭ መታወቅ የጀመረው ከዚህ ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1769 ጀምሮ በኢትዮጵያ የቆየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ዛፉን በሥዕል አስደግፎ ገልጾታል፤ ለወዳጁ ለጆሴፍ ባንክስ መታሰቢያ እንዲሆንም «ባንኬዚያ» ብሎ ሰይሞት ነበር። ስሙ ግን አልጸናም። ዛሬ የሚጠራበት «ሀገኒያ አቢሲኒካ» የተሰኘው ሳይንሳዊ ስም የጀርመኑን የኮኒግስበርግ ሊቅ ካርል ሀገንን የሚያስታውስ ነው። በ1820ዎቹ ደግሞ በቁስጥንጥንያ የኖረ ብራየር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም አበባው ሕመምተኛ ሲያድን አይቶ ወደ ፓሪስ ይዞት ሄደ፤ ኩንት የተባለው የዕፅዋት ተመራማሪም በእርሱ ስም «ብራየራ» አለው። ቀጥሎም ወደ ሸዋ ተመላልሶ የነበረው ሮሼ ዴሪኩር ብዙ አበባ ወደ አውሮፓ ወሰደ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ኮሶ ለንደን ላይ በወቄት እጅግ ውድ በሆነ ዋጋ ይሸጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1864 በወጣው የመጀመሪያው የብሪታንያ የመድኃኒት መዝገብም ገባ። አውሮፓውያን አንድ ጊዜ እንዲጠጣ የወሰኑት መጠን ከ7 እስከ 15 ግራም ነበር። የኢትዮጵያ ገበያተኛ ሴት በእፍኝ የምትሰፍረው አበባ የሩቅ አገር መድኃኒት ቤቶችን መደርደሪያ ሲያጣብብ ከስያሜው ሁሉ ውስጥ የአንዲትም ኢትዮጵያዊት ስም አለመኖሩ ያሳዝናል።

ቆላው የራሱ መድኃኒቶችም ነበሩት። መተሬ በወንዝ ዳርና ውሃ በሚያቁር መሬት የሚበቅል፣ በመሬት ላይ የሚንሰራፋ ተክል ነው፤ ፍሬው ተፈጭቶ ከኑግ ጋር ተለውሶ ይበላል። እንቆቆ ደግሞ ትንንሽ ክብ ፍሬዎች ያሉት ሐረግ መሰል ቁጥቋጦ ሲሆን፣ ፍሬው ደቅቆ በውሃ ይጠጣል። የዱባ ፍሬም ለልጆች ይሰጥ ነበር። እነዚህ ሁሉ ከኮሶ ይልቅ ለስለስ ይላሉ ተብለው ኮሶን መቋቋም ለማይችሉ ሰዎች ይመረጡ ነበር። ቢሆንም ስሙ ገኖ የቀረው ኮሶ ነው፤ በሽታውም ራሱ በእርሱ ስም ተጠርቶ ቀርቷል።

ጉዳቱ ሊሸሸግ አይገባም። ኮሶ ትሉን የሚያሽመደምድበት ኮሶቶክሲን የተባለው ንጥረ ነገር ለሰውም መርዝነት አለው። መጠኑ ሲያልፍ ብርቱ የሆድ ቁርጠት፣ ትውከትና ተቅማጥ ያስከትላል፤ ፅንስ ያስወርዳል፤ የዓይን ነርቭ ጎድቶ ዓይነ ስውር ያደረጋቸው ሰዎች መኖራቸውም በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሐኪሞች ተመዝግቧል። እርጉዝ ሴት ኮሶ እንዳትጠጣ የሚከለክለው የቤት ሕግ ከዚህ ልምድ የተገኘ ነው። ችግሩ መለኪያው ላይ ነበር። የአበባው ኃይል እንደ ዛፉ፣ እንደ ወቅቱና እንደ አቀማመጡ ይለያያል፤ እፍኝ ደግሞ እንደ እጁ ነው። ብዙዎችን ያዳነው ያው መጠጥ ጥቂቶችን ገድሏል። ከተፈጥሮ የተገኘ ሁሉ አይጎዳም የሚል ሰው በኮሶ ታሪክ ውስጥ ለዚህ ሐሳብ ማስረጃ አያገኝም።

ልማዱ የላላው በመንገድና በክኒን ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941፣ ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ አስመራ የሚያልፈው አውራ ጎዳና ተሠርቶ መርሳና ወልድያ በመኪና ተገናኙ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዐሥርት ዓመታት ጤና ጣቢያዎችና መድኃኒት ቤቶች በመንገዱ ላይ እየተስፋፉ መጡ። እ.ኤ.አ. በ1960 አካባቢ ኒክሎሳማይድ ገበያ ላይ ዋለ፤ ትሉን ከነራሱ የሚገድል፣ ማኘክ ብቻ የሚጠይቅና አንድ ቀን ሙሉ የማያስተኛ ክኒን ነበር። በኋላም ፕራዚኳንቴል ተጨመረ። ሁለት ወር እየቆጠሩ ከመራራው ጋር መታገል ቀረ፣ የኮሶ ቀን የሚባለው ዕረፍትም አብሮ ጠፋ። የከብት ሥጋ በቄራ መመርመር በጀመረባቸው ከተሞች ደግሞ በሽታው ራሱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ ቁርጥ የሚወድ ሰው ዛሬም ክኒን ይገዛል።

ከኮሶ ጎን የነበሩት ሌሎች የቤት መድኃኒቶች ግን በቦታቸው አሉ። ፌጦ ተወቅጦ በሎሚ ተበጥብጦ ለሆድ ሕመም ይጠጣል፤ ዳማከሴ ለምች፣ ጤና አዳም ለሆድ ቁርጠት፣ ነጭ ሽንኩርት ከማር ጋር ለጉንፋን ያገለግላሉ።  ኮሶ ሲጠፋ እነዚህ የቆዩበት ምክንያት ግልጽ ነው። አብዛኞቹ ከምግብ ጋር የሚቀርቡ ናቸው፤ መጠናቸው ቢያልፍ እንኳ እንደ ኮሶ በአንድ ጠዋት ሰውን አይጥሉም፤ ለያዙት ሕመም ሁሉ ደግሞ እንደ ኒክሎሳማይድ ያለ ቁርጥ መልስ የሚሰጥ ክኒን አልመጣም።

ዛፉ በበኩሉ ከመድኃኒትነቱ ይልቅ በእንጨቱ ምክንያት ተጎድቷል። የኮሶ እንጨት ቀላ ያለ፣ ሲለሰልስ የሚያምርና ለአልጋና ለጠረጴዛ የሚፈለግ ነው፤ አበባውን መቅጠፍ ዛፉን አይገድልም፣ መጋዝ ግን ይገድለዋል። ደጋው ሲታረስና ሲመነጠር ኮሶ በቤተ ክርስቲያን ቅጥርና በገደል አፋፍ ተወስኖ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን ከዋንዛ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር በመንግሥትና በክልል ደኖች ውስጥ እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው አገር በቀል ዛፎች መካከል አስገብቶት ነበር።