ሐዘን ዓይንን ሲያፈዝ፦ የጭንቀትና የአካል ሕመም ታሪክ



እዚህ ተበላም ሆነ ሶዶ፣ ከሶላት በኋላ ሊያማክረን ቀረብ የሚል ወጣት ብዙ ጊዜ ወሬውን የሚጀምረው ከአካሉ ነው። «እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ደረቴን ይጨምቀኛል፤ የበላሁት አይረጋልኝም» ይላል። ቀስ ብለን ስናዋራው ሥራ ማጣቱ፣ የቤት ውስጥ ጠቡ ወይም ያልወጣለት ሐዘን ከሥር ይወጣል። ታዲያ ከሰው የሚያገኘው መልስ በአብዛኛው ከሁለት አንዱ ነው። አንዱ «ኢማንህ ደክሞ ነው» ይለዋል። ሌላው «ጭንቀት ነው እንጂ ምንም የለብህም፤ ተወው» ይለዋል። ሁለቱም ልጁን ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይሸኙታል። አንዱ በሕመሙ ላይ ጥፋተኝነት ጨመረበት፤ ሌላው ሕመሙን ከናካቴው ካደው።

ሊቃውንቶቻችን ከሺህ ዓመት በፊት ከሁለቱም የተሻለ መልስ ነበራቸው። ዛሬ ያንን ታሪክ እናያለን፤ ከዚያም ወደ አገራችንና ወደ ወላይታ እንመለሳለን።

መነሻችን ቁርኣን ነው። ሱረቱ ዩሱፍ 84ኛው አንቀጽ ላይ ነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ) በልጃቸው ሐዘን የተነሳ ዓይኖቻቸው እንደነጡ ተነግሮናል። ልብ በሉ፤ ያዘኑት ነቢይ ናቸው። ሐዘን አካላቸውን ስለጎዳ ኢማናቸው ደክሟል የሚል ሙስሊም የለም። ብሶታቸውን ለአላህ አቀረቡ፤ ግን በዚያ ብቻ አላበቁም። ልጆቻቸውን «ሂዱ፣ ዩሱፍንና ወንድሙን ፈልጉ» ብለው ላኩ። ዱዓውም ሰበብ ፍለጋውም አብረው ሄዱ። ሱራው ሲያበቃ ደግሞ የዩሱፍ (ዐ.ሰ) ቀሚስ ፊታቸው ላይ ሲጣል ብርሃናቸው ተመለሰላቸው።

በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሲራ ውስጥም እናታችን ኸዲጃና አጎታቸው አቡ ጧሊብ የሞቱበት ዓመት «ዐሙል ሑዝን»፣ የሐዘን ዓመት፣ ተብሎ ይታወቃል። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ከቤተሰባቸው ሰው ሞቶ ለቀስተኛው ሲበተንና የቅርብ ዘመድ ብቻ ሲቀር ተልቢና እንዲሠራ ያዙ እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ተልቢና ከገብስ ዱቄት የሚሠራ ቀጭን ሾርባ ነው፤ ከኛ የገብስ አጥሚት ብዙም አይርቅም። የታመመን ሰው ልብ እንደሚያሳርፍና ከሐዘንም እንደሚቀንስ ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰምተው ነበር። ያዘነ ሰው ልቡ ብቻ ሳይሆን ሆዱም እንክብካቤ እንደሚፈልግ በዚያ ቤት ይታወቅ ነበር ማለት ነው።

ይህን መንገድ ወደ ሙሉ የሕክምና ትምህርት ካሳደጉት አንዱ አቡ ዘይድ አል-በልኺ ናቸው። በዛሬዋ ሰሜን አፍጋኒስታን በበልኽ አካባቢ በ850 ገደማ ተወልደው በ934 (በ322 ሂጅሪ) አረፉ። «መሷሊሑል አብዳን ወል አንፉስ» የተባለው መጽሐፋቸው ሁለት ክፍል አለው፤ የመጀመሪያው ስለ አካል፣ ሁለተኛው ስለ ነፍስ ጤና። ምግብን፣ መጠጥን፣ እንቅልፍንና መታጠብን ከዘረዘሩ በኋላ ስለ ቁጣ፣ ስለ ፍርሃት፣ ስለ ሐዘንና ስለ ወስዋስ ስምንት ምዕራፎች ጻፉ። የዘመናቸው ሐኪሞች የነፍስን ክፍል ችላ ማለታቸውንም ወቀሱ። ምክንያታቸው ቀላል ነው፦ ሰው አካልና ነፍስ ነው፤ የአንዱ ሕመም ወደ ሌላው ይሻገራል። አካሉ የታመመ ሰው በደንብ ማሰብ ያቅተዋል፤ ነፍሱ የታመመች ሰው ደግሞ የአካሉ ምቾት አይሰማውም።

ከዚህም አልፈው ሐዘንን ለሁለት ከፈሉት። አንዱ ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ ሰው ሞቶ ወይም ንብረት ጠፍቶ የሚመጣ። ሌላው ምክንያቱ የማይታወቅ ነው፤ ሰውየው ለምን እንደከፋው አያውቀውም። ይህኛው መነሻው ከአካል ስለሆነ የአካል ሕክምና ያስፈልገዋል አሉ። ለጤነኛ ሰው የሰጡት ምክርም ሊረሳ አይገባም፤ ሰው ለድንገተኛ ሕመም መድኃኒት ቤቱ እንደሚያስቀምጥ ሁሉ፣ ጤነኛ ሳለ ለክፉ ቀን የሚያጽናኑትን ሐሳቦች በልቡ ያከማች። የዚህ መጽሐፍ የእጅ ጽሑፍ ኢስታንቡል ውስጥ በአያ ሶፊያ ስብስብ ተጠብቆ ቆይቶ፣ ቅጂው በ1984 በፍራንክፈርት ታትሟል።

በዚያው ዘመን የኖሩት አቡ በክር አር-ራዚ (925 ያረፉት) «አጥ-ጢቡር ሩሓኒ» በተባለው መጽሐፋቸው ስለ ቁጣ፣ ስለ ምቀኝነትና ስለ ሐዘን ጻፉ። ኢብን ሲና (980–1037) ደግሞ «አል-ቃኑን» ውስጥ ፍቅሩን ደብቆ የሚከሳን ሰው እንዴት መመርመር እንደሚቻል አስተማሩ። ሐኪሙ የበሽተኛውን የልብ ትርታ በጣቱ ይዞ ስሞችን፣ ሠፈሮችንና ሙያዎችን አንድ በአንድ ይጠራል፤ ትርታው ሲለዋወጥ ምስጢሩ ይወጣል። ከሳቸው ስምንት መቶ ዓመት በፊት ግሪካዊው ሐኪም ጃሊኖስም ተመሳሳይ ምርመራ አድርጎ ነበር። ሊቃውንቶቻችን ከቀደሙት ለመማር አላፈሩም፤ የተማሩትን ግን አስፍተውታል።

ትምህርቱ መጽሐፍ ላይ ብቻ አልቀረም። ሱልጣን ቀላውን ካይሮ ላይ ያሠሩት የመንሱሪ ቢማሪስታን በ1284 ተጠናቀቀ። በወቅፍ ገቢ የሚተዳደር ነበር፤ ድሃም ሀብታምም በነፃ ይታከምበታል። ትኩሳት ላለባቸው፣ ዓይናቸውን ለታመሙ፣ ለቆሰሉ የተለያየ ክፍል ነበረው፤ አእምሯቸውን ለታመሙም እንዲሁ። እነሱም እንደ ሌላው ሁሉ በሽተኛ ነበሩና በዚያው ጣሪያ ሥር ታከሙ።

ዘመናዊው ሳይንስ ይህን በር በሌላ በኩል ከፈተው። አሜሪካዊው ዋልተር ካነን በ1915 ባሳተመው መጽሐፍ ሰው ሲፈራና ሲቆጣ ከኩላሊት በላይ ያሉት እጢዎች አድሬናሊን እንደሚለቁ አሳየ። ልብ ይፈጥናል፤ ደም ከሆድ ወደ ጡንቻ ይሄዳል፤ ምግብ መፈጨቱ ይቀዘቅዛል። ለመሸሽ ወይም ለመታገል ይህ ጥሩ ነው። ችግሩ ጅቡ ከሄደ በኋላም አካሉ ጅቡ ያለ ሲመስለው ነው። ሐንስ ሰልዬ በ1936 ባወጣው አጭር ጽሑፍ በተለያየ መንገድ የተጨነቁ አይጦች ላይ ሦስት ለውጦች በተደጋጋሚ ማየቱን ገለጸ፦ እጢዎቹ ያብጣሉ፣ ከበሽታ መከላከል ጋር የተያያዘው አካል ይኮማተራል፣ ሆዳቸው ይቆስላል።

ሰዎች ላይስ? በ1995 የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት፣ የመርሳት በሽታ ያለባቸውን ዘመዶቻቸውን ለረጅም ጊዜ ያስታመሙ ሴቶች ክንዳቸው ላይ የተደረገ ትንሽ ቁስል ከሌሎቹ በአማካይ 9 ቀን ዘግይቶ እንደዳነ አሳይቷል። በ2004 የወጣውና በ52 አገሮች የተካሄደው ጥናት ደግሞ የልብ ድካም የመታቸው ሰዎች ከመታመማቸው በፊት በነበረው ዓመት በሥራና በቤት ከጤነኞቹ የበዛ ጭንቀት እንደነበረባቸው ተናግረዋል ብሏል።

እዚህ ላይ ግን ቆም እንበል። ሁሉንም በጭንቀት ማሳበብም አደጋ አለው። የጨጓራ ቁስል ለብዙ ዘመን «የንዴትና የብስጭት በሽታ» ይባል ነበር፤ እኛ ዘንድ ዛሬም ይባላል። አውስትራሊያውያኑ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን ግን የብዙው ቁስል ምክንያት ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለ ባክቴሪያ እንደሆነ አረጋገጡ። የሚያምናቸው ሲያጡ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታመመ። በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ስንቱ ሰው በመድኃኒት የሚድነውን ሕመም «አትናደድ» እየተባለ ተሸክሞት ኖሯል! ጭንቀት ሕመሙን ሊያባብስ ይችላል፤ ምርመራን ግን አይተካም።

ወደ አገራችን እንምጣ። ከሶዶ በሆሳዕና አድርጎ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው ቡታጅራን ያልፋል። ብዙ ሙስሊም በሚኖርበት በዚያ አካባቢ ተመራማሪዎች ከ2005 ጀምሮ ከአንድ ሺህ በላይ ነፍሰ ጡር እናቶችን ተከታትለዋል። በእርግዝናም ከወሊድ በኋላም ከባድ ጭንቀት ያልለቀቃቸው እናቶች ልጆች በሁለት ወራቸው በተቅማጥ የመታመም ዕድላቸው በእጥፍ ገደማ ከፍ ያለ ነበር። የእናት ጭንቀት የእናት ብቻ ሆኖ አይቀርም። «አራስ ናት፣ ያልፍላታል» ብለን የምናልፋት እህት ልጇም አብሯት እየታመመ ሊሆን ይችላል።

እዚሁ ወላይታ ደግሞ መንገዱ በተቃራኒው ሲሄድ እናያለን፤ አካል ይታመምና ልብ ይሰበራል። ዝሆኔ የምንለው የእግር እብጠት በኛ አካባቢ በብዛት የሚመጣው በትንኝ ወይም በእርግማን አይደለም። በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት ከመርገጥ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ኢትዮጵያ ውስጥ ባደረገው ምርምር የአፈሩ ረቂቅ ቅንጣቶች በእግር ቆዳ ገብተው በሽታውን እንደሚያመጡ አሳየ። በ2003 የታተመ ጥናት በወላይታ ከመቶ ሰው ከ5 በላይ የሚሆነው እንዳለበት አመለከተ፤ ሌላ ጥናት ደግሞ ታማሚዎቹ ከሥራ ቀናቸው 45 በመቶውን እንደሚያጡ አሰላ። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ያም ሆኖ ታማሚዎቹ ከትምህርት ቤት፣ ከጋብቻ፣ ከቤተ ክርስቲያን፣ አዎ፣ ከመስጂድም ሲገለሉ ተመዝግቧል።

ይህ መገለል ልብ ውስጥ የሚሠራውን በሰሜን ኢትዮጵያ የተደረገ ጥናት ለካው። የድብርት ምልክት ከታማሚዎቹ 12.6 በመቶው ላይ ሲገኝ፣ ከጤነኛ ጎረቤቶቻቸው ላይ ግን 0.7 በመቶው ላይ ብቻ ነው። የተገለለ ሰው ይደበቃል፤ የተደበቀ ሰው አይታከምም፤ ያልታከመ እግር ይበልጥ ያብጣል። አል-በልኺ ከሺህ ዓመት በፊት ያሉት የአካልና የነፍስ መሻገር ይኸው ደጃችን ላይ አለ።

የሚያሳዝነው ሕክምናው ቀላል መሆኑ ነው፦ እግርን በየቀኑ በውሃና በሳሙና ማጠብ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ቅባት መቀባት፣ ጫማ ማድረግ። በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የሚያደርግ ማኅበረሰብ እግር ማጠብን አይማርም፤ ያውቀዋል። የጎደለው ከታመመው ወንድማችን ጎን ሶፍ ላይ ትከሻ ለትከሻ መቆም ነው።

ስለዚህ ወጣቶች፣ ከዚህ ታሪክ ይህን እንያዝ። ደረቱን የሚወጋው፣ የሚከሳ፣ ደም የሚያስመልሰው ሰው መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ «ጭንቀት ነው» ብለን አናስቀረው። ምርመራው ምንም አላሳየም ማለትም ሕመሙ ውሸት ነው ማለት አይደለም። እንቅልፍ ማጣቱና ተስፋ መቁረጡ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ ለባለሙያ ይንገር፤ ራሱን ስለመጉዳት ካሰበ ደግሞ አንድ ቀን አይደር፣ ብቻውንም አይሁን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከጭንቀትና ከሐዘን በአላህ ይጠበቁ ነበር፤ አላህ መድኃኒት ያላወረደለት በሽታ እንደሌለም አስተምረውናል። ዱዓውና ሕክምናው አይጣሉም።

ወዳጃችን ሲከፋው ስለ ኢማኑ ከመጠየቃችን በፊት «ምን አገኘህ?» እንበለው። ሐኪም ቤት ለመሄድ ከፈራ አብረነው እንሂድ።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ያውርድ፤ ያዘኑትን ያጽናና። ወላሁ አዕለም።