የአንዱ ሞተር ለሌላው ካምቢዮ

ስለ መኪና ታሪክ በሚጻፉ መጻሕፍት ውስጥ የፈልሳፊዎች ስም ይበዛል። ቤንዝ፣ ዳይምለር፣ ፎርድ፣ ፖርሽ እየተባለ ይቆጠራል። ከአንድ ፋብሪካ የወጣውን ሞተር ከሌላ ፋብሪካ ከወጣ ካምቢዮ ጋር ያጋጠሙት፣ በትንንሽ ጋራዦች ብረት ሲሞርዱ የኖሩት ሰዎች ግን እምብዛም አይነሡም። ይህ ጽሑፍ የእነርሱን ሥራ ይመለከታል። ነገሩ የፊዚክስ መምህሩንም የታሪክ መምህሩንም ስለሚነካ፣ ሁለቱም በየፊናቸው ቢያነቡት አይከፋም። ዓመቶቹ፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ካምቢዮው እንናገር። በአገራችን «ቮልስ» የምትባለው መኪና ንድፏ የፈርዲናንድ ፖርሽ ነው። በብዛት መሠራት የጀመረችው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ አይቫን ኸርስት የተባለ የእንግሊዝ ጦር ሻለቃ በቮልፍስቡርግ ፋብሪካውን ዳግመኛ ሥራ ሲያስጀምር ነው። የመጨረሻዋ ቮልስ በሐምሌ 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፑዌብላ ፋብሪካ ስትወጣ ጠቅላላ ቁጥሯ 21,529,464 ደርሶ ነበር። የእኛ አንባቢ ደግሞ በሌላ ነገር ያስታውሳታል፤ በመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚህችው መኪና ነበር።

የቮልስ ሞተር ከኋላ እግሮች በስተኋላ ይቀመጣል። ካምቢዮው በፊቱ ነው፤ ዲፈረንሲያሉም ከካምቢዮው ጋር በአንድ ቀፎ ውስጥ ይኖራል። ቀፎው ቀላል ከሆነ የማግኒዥየም ቅልቅል የተሠራ ነው። እንግዲህ ትንሽ፣ ቀላል፣ ርካሽ፣ በየአሮጌ ብረት መጣያው የሚገኝ ካምቢዮ ማለት ነው። ከኋላ ሞተር ያለው መኪና መሥራት ለሚፈልግ ድሀ መካኒክ ከዚህ የተሻለ ስጦታ አልነበረም።

አሁን ወደ ሞተሩ እንለፍ። በ1959 መጨረሻ የአሜሪካው ሸቭሮሌ ድርጅት፣ ኤድ ኮል በተባለው መሐንዲስ መሪነት፣ ኮርቬር የተባለች መኪና ለገበያ አወጣ። እንደ ቮልስ ሁሉ ሞተሯ ከኋላ ሆኖ በአየር የሚቀዘቅዝ ነበር፤ ራዲያተር የለ፣ ውሃ የለ። ነገር ግን የቮልስ ሞተር አራት ፒስተን ብቻ ሲኖረው የኮርቬር ስድስት ነበረው። ጉልበቱ በመጀመሪያ 80 የፈረስ ጉልበት ሲሆን፣ በ1965 እስከ 140፣ በተርቦ ደግሞ እስከ 180 ደረሰ። በዚያ ዘመን የቮልስ ሞተር ከ40 ብዙም ፈቅ አላለም። ስለዚህ በካሊፎርኒያና በሌሎችም የአሜሪካ ክፍላተ ሀገር የነበሩ መካኒኮች አንድ ሐሳብ መጣላቸው፤ የኮርቬርን ሞተር በቮልስ ካምቢዮ ላይ ብንገጥመውስ?

ሲናገሩት ቀላል ነው። የሁለቱ ብሎኖች ቦታ ስለማይገጣጠም በመካከላቸው ወፍራም የአሉሚኒየም ሳህን ይገባል። ሳህኑ አንዱን ወገን በኮርቬር ቀዳዳዎች፣ ሌላውን በቮልስ ቀዳዳዎች ይይዛል። እዚህ ላይ የሚያስቸግረው ቀዳዳ መብሳቱ አይደለም፤ የሞተሩ ዘንግና የካምቢዮው ዘንግ ፍጹም በአንድ መስመር ላይ መዋላቸው ነው። ጥቂት ቢዛነፉ ኩሽኔታውና የፍሪሲዮኑ ዲስክ ቀስ በቀስ ይበላሉ፤ ባለቤቱም ጥፋቱ የዲስኩ ይመስለዋል። ዲስኩም ራሱ እምብርቱ የቮልስን ዘንግ ጥርስ፣ ፊቱ ደግሞ የኮርቬርን ቮላኖ የሚስማማ መሆን አለበት። ይህ ሁሉ በጥሩ ቶርኖ ይፈታል።

ትልቁ እንቆቅልሽ ግን ሌላ ነው። የኮርቬር ሞተር ከቮልስም ሆነ ከአብዛኞቹ መኪናዎች ሞተር በተቃራኒ አቅጣጫ ይዞራል። ይህን ያልተረዳ ሰው ሥራውን ጨርሶ አንደኛ ማርሽ ሲያስገባ መኪናው ወደ ኋላ ይሄድበታል። አራት የኋላ ማርሽና አንድ የፊት ማርሽ ያለው መኪና ሠራ ማለት ነው!

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነበር። አንደኛው የሞተሩን ዙር መለወጥ ነው፤ ለዚህ ልዩ የቫልቭ ዘንግ ያስፈልጋል፣ የማራገቢያውና የዘይት ፓምፑ ነገርም አብሮ ይታሰባል። ሁለተኛው፣ ብዙዎች የመረጡት፣ የካምቢዮውን ዲፈረንሲያል ከፍቶ ትልቁን ጥርሳም ቀለበት ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ማዞር ነው። ፒኞኑ በአንድ አቅጣጫ እየዞረ ሳለ ቀለበቱ በግራው ቢሆን ወደ ፊት፣ በቀኙ ቢሆን ወደ ኋላ ይነዳል፤ ስለዚህ ሁለት ተቃራኒዎች ተጣፍተው መኪናው ወደ ፊት ይሄዳል። ብልሃቱ ግሩም ነው፤ ዋጋ ግን አለው። ጥርሶቹ ከዚያ በፊት ሲገፉበት የነበረውን ፊት ትተው በሌላው ፊታቸው መግፋት ይጀምራሉ። ፋብሪካው ያ ፊት ጭነት እንዲሸከም ያሰበው በዋናነት መኪናው ቁልቁለት ሲወርድ ወይም ወደ ኋላ ሲሄድ ነበር። በዚህ ላይ የኮርቬር ሞተር የመጠምዘዝ ኃይል ከቮልስ ሞተር ከእጥፍ በላይ ይበልጣል።

ተማሪዎች አንድ ሒሳብ ይሥሩ። በ1960ዎቹ በነበረው ባለ 1200 ቮልስ የአራተኛ ማርሽ ውድር 0.89፣ የዲፈረንሲያሉ 4.375 ነበር። ሁለቱ ሲባዙ 3.9 ገደማ ይሆናል፤ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ሞተሩ አራት ጊዜ ያህል ይዞራል ማለት ነው። ኮርቬር በገዛ ካምቢዮው 3.27 ወይም 3.55 ይበቃው ነበር። ስለዚህ የቮልስ ካምቢዮ ለዚህ ጉልበተኛ ሞተር ከሚገባው በላይ ዝግ ያለ ነው፤ ዳገት ላይ ያስደስታል፣ በረጅም ሜዳ ላይ ግን ሞተሩን በከንቱ ያስጮኸዋል።

በእንግሊዝ አገር በሜይደንሄድ ከተማ አነስተኛ የጥርስ መቁረጫ ሥራ ቤት የነበረው ማይክ ሄውላንድ ተመሳሳይ ችግር በ1959 ገጠመው። የእሽቅድምድም መኪና ሠሪዎች ሞተሩን ከነጂው ጀርባ፣ ከኋላ እግሮች ፊት ማስቀመጥ ጀምረው ነበር። የቮልስ ካምቢዮ በዚያ እንዲገጥም ፊቱን ማዞር ያስፈልጋል፤ ፊቱ ሲዞር ደግሞ ጎማው የኋሊት ይዞራል። ሄውላንድ ቀፎውን ገለበጠው፤ ላዩን ታች፣ ታቹን ላይ አደረገው። ይህን በክፍል ውስጥ ለማሳየት አንድ የክብሪት ቀፎ ይበቃል። በቀኝ ጎኑ ላይ ወደ ፊት የሚሄድ ጎማን የሚያሳይ የዙር ቀስት ይሣሉ። ቀፎውን ጠረጴዛ ላይ እንደ ተኛ ፊቱን ወደ ኋላ ቢያዞሩት ቀስቱ የኋሊት ይሆናል። ከዚያ ቢገለብጡት እንደገና ወደ ፊት ይሆናል። ጥርሶቹም በተፈጠሩበት ፊት መግፋታቸውን አይተዉም። እኔ ከሁለቱ ብልሃቶች ይህን የማስበልጠው ስለዚህ ነው። ሄውላንድ በተገለበጠው ቀፎ ውስጥ የራሱን ጥርሶች አስገባ፤ ቆይቶም የራሱን ቀፎ ሠራ፤ በ1970ዎቹ አብዛኞቹ የፎርሙላ አንድ ቡድኖች የእርሱን ካምቢዮ ይጠቀሙ ነበር።

የአሜሪካኖቹ ሥራ ወደ በረሃው አቀና። ብሩስ ማየርስ በ1964 የቮልስን አካል ጥሎ በፋይበር ቀፎ የአሸዋ መኪና ሠራ፤ በ1967ም ከጓደኛው ጋር የባሃ ካሊፎርኒያን ልሳነ ምድር ከላፓስ እስከ ቲኋና በ34 ሰዓት ከ45 ደቂቃ አቋረጠ። ከዚያ ወዲህ የአሸዋ መኪና የማይሠራ ጎረምሳ ጠፋ ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ከእነርሱም የቮልስ ሞተር ያነሳቸው ኮርቬርን ይፈልጉ ነበር።

ኮርቬር ራሷ ግን በዚያ ጊዜ ተከሳሽ ነበረች። ራልፍ ኔደር የተባለው የሕግ ባለሙያ በ1965 ባወጣው መጽሐፍ የመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ እርሷ ነበር፤ ከ1960 እስከ 1963 የተሠሩት ኮርቬሮች በኋላ እግራቸው አሠራር የተነሣ በመታጠፊያ ላይ ይገለበጣሉ ሲል ጻፈ። ጀነራል ሞተርስ ጸሐፊውን በመርማሪ አስከትሎ ስለ ተገኘ ፕሬዚዳንቱ በ1966 በሴኔት ፊት ይቅርታ ጠየቀ። ሥራዋ በግንቦት 1969 ቆመ። በ1972 የአሜሪካ መንግሥት ባወጣው የምርመራ ውጤት ግን ኮርቬር ከዘመን ጓደኞቿ የከፋች አልነበረችም። የሚገርመው፣ የተከሰሰው ዓይነት የኋላ እግር፣ ማለትም ጎማው ሲነሣ ወደ ውስጥ የሚያዘነብለው፣ በአሮጌ ቮልሶችም ነበረ። ይህን ከባድ ሞተር በቮልስ ጀርባ የጫነ ሰው ክሱንም አብሮ ጭኖ ነበር፤ ያን ጊዜ ይህን የሚመረምር ግን አልነበረም።

የኮርቬር ሞተር ዛሬም አልጠፋም። በርናርድ ፒተንፖል የተባለው አሜሪካዊ በ1960ዎቹ ራሱ በነደፈው ትንሽ አውሮፕላን ላይ ገጥሞ አበረረው፤ አርአያውን የተከተሉ አማተር አብራሪዎችም እስካሁን ይሠሩበታል። እነርሱ መዘውሩን በቀጥታ በሞተሩ ዘንግ ላይ ያስራሉ፤ ሞተሩ በየትኛውም አቅጣጫ ቢዞር፣ ለዚያ አቅጣጫ የተጠረበ መዘውር መምረጥ ብቻ ነው። ካምቢዮ አያስፈልጋቸውም።